ሐኪም ወርቅነህ፦ በጠባሳቸው ተገኝተው የልጆቻቸውን መቃብር ያጡ አባት

ጥቁር አንበሳ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል ነው። ከሆስፒታሉ በፊት ግን ስሙ የሰዎች ነበር። በ1928 ዓ.ም ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፣ ወደ ምዕራብ የተጓዙ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆችና ውጭ አገር ተምረው የመጡ ወጣቶች ነቀምት ላይ ተሰባስበው ያቋቋሙት የአርበኞች ማኅበር ነው። ብዙዎቹ በዕድሜ ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ የምታነቡትን እናንተን ያክሉ ነበር።

እኛ የሚዛን፣ የቴፒና የቦንጋ ሰዎች ታዲያ የእነዚህ ልጆች መንገድ ያበቃበትን ቦታ በየጊዜው እንሻገረዋለን። ጎጀብ ወንዝን ማለቴ ነው። ከሚዛን ተነስቶ በቦንጋ በኩል ወደ ጅማ የሚሄድ ሁሉ ያልፈዋል። አውቶቡሱ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ግማሹ ተሳፋሪ እንቅልፍ ላይ ነው፤ ግማሹ ስልኩን ያያል። ቡና የጫኑት መኪኖችም ሳያቆሙ ያልፋሉ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አባት ነው። ሁለት ልጆቻቸው ከጥቁር አንበሶች መካከል ነበሩ። ሰውየው በዘመናቸው በጣም የታወቁ ናቸው፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይባላሉ። ታሪካቸውን ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። እሳቸው ራሳቸው በጦርነት የጠፉ ልጅ ነበሩ። ዘመድ ፈልጎ አገኛቸው። የእሳቸው ልጆች በጦርነት ሲጠፉ ግን አባት የሚያለቅሱበት መቃብር እንኳን አላገኙም።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ አምባው ላይ ከነበሩት ሕፃናት አንዱ ገና የ3 ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ የጎንደር ሰዎች ናቸው። በዚያ ሁሉ ግርግር ልጁ ከወላጆቹ ተለየ። አንድ ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ ኮሎኔል አነሳውና ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። ኮሎኔሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ሌላ ማርቲን የሚባል ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ወርቅነህ የሚለውን ስም የሚያስታውስለት ሰው አጠገቡ አልነበረም። አገሩ፣ ቋንቋው፣ የእናት የአባቱ ስም፣ ሁሉም መቅደላ ቀረ።

በዚያው ዘመቻ የተወሰደ ሌላ ልጅም ነበር፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ። እሱ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ዘመዶቹና ኢትዮጵያውያን እስከ ዛሬ ይጠይቃሉ፤ በ2015 ዓ.ም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ጥያቄውን አልተቀበለም። የ150 ዓመት ሐዘን ማለት ይህ ነው። ሁለቱም ልጆች ከአንድ አምባ ተወሰዱ፤ አንዱ እዚያው ቀረ፣ አንዱ ተመለሰ።

የተመለሰው እንዴት ተመለሰ?

ቻርልስ ማርቲን ጎበዝ ተማሪ ነበር። ላሆር ሕክምና ተማረ፤ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን ጨመረበት። ከዚያ በእንግሊዝ ይገዛ በነበረው በበርማ ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። ደመወዝ፣ ማዕረግ፣ የተደላደለ ኑሮ ነበረው። በ1888 ዓ.ም የዐድዋ ድል ወሬ በዓለም ሲናኝ ግን ልቡ ተነሳ። ያ አገር የእኔ ነው ብሎ መንገድ ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ገባ።

አስቡት። አማርኛ አይችልም፤ አለባበሱ የፈረንጅ ነው፤ ስሙ ቻርልስ ነው። የመጣውም አላውቃቸውም የሚላቸውን ዘመዶች ፍለጋ ነው። ድንኳኑ ውስጥ በሽተኛ እያከመ ሳለ ታሪኩ ከተማውን አዳረሰው፤ ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ ተባለ። ይህን የሰሙ አንዲት አሮጊት መጡ። የጠፋው ልጅ ክንዱና እግሩ ላይ የነበሩትን ጠባሳዎች ያስታውሳሉ። አዩት፤ ጠባሳዎቹ አሉ። አሮጊቷ የእናቱ እናት፣ አያቱ ነበሩ። ስሙ ወርቅነህ መሆኑንም ያን ጊዜ ሰማ።

ልብ በሉ፤ በዚያ ጊዜ መታወቂያ የለም፣ የልደት ምስክር ወረቀት የለም። 30 ዓመት አልፏል። ልጁን የመለሰው አንዲት አያት ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ትንሽ ዝርዝር ነው። አያትየዋ ልጁ ቆንጆ ነበር፣ ጨዋታ ይወድ ነበር ብቻ ብለው ቢያስታውሱ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እሳቸው ግን የጠባሳውን ቦታ ያዙ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ሐኪም ወርቅነህ ወዲያው ጠቅልለው አልገቡም። ሥራቸው በርማ ስለነበር ተመላለሱ። መጨረሻ ላይ ግን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ቀጸላ ቱሉና ከልጆቻቸው ጋር አዲስ አበባ ከተሙ። ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሁሉ ብዘረዝር ገጹ አይበቃም። በ1917 ዓ.ም የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት ከመሩት አንዱ ናቸው። የፍልውሃን መታጠቢያ አሠሩ። ዳኛ ሆኑ። በ1920 ዓ.ም ገደማ አሜሪካ ሄደው በጣና ሐይቅ ላይ ስለሚሠራ ግድብ ተደራደሩ፤ በዚያውም ሀርለም ድረስ ሄደው ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ተማሪዎች ዓለምን በገዛ ቋንቋቸው እንዲያውቁ ብለው የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ። አማርኛን አድገው የተማሩ ሰው መሆናቸውን አትርሱ።

የእኛን አካባቢ የሚነካም ሥራ አላቸው። በዚያ ዘመን ከማጂ እስከ ከፋ ያለው አገር በባሪያ ንግድ የተራቆተ ነበር። ሰው ከደጁ ታፍኖ ይሸጥ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ይህን ንግድ አጥብቀው ከተቃወሙት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲኖር ደክመዋል። ልጅ ከእናቱ ጉያ ሲወሰድ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም ነበር።

ቀጥሎ የጨርጨር ገዢ ሆኑ። መቀመጫቸው አሰበ ተፈሪ ነበረ፤ የዛሬዋ ጭሮ። እንደ ሚዛን ተፈሪ ሁሉ የተፈሪን ስም የያዘች የቡና አገር ከተማ ናት። ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች ምሳሌ እንዲሆን የተመረጠ ግዛት ስለነበር መንገድ፣ ፍርድ ቤትና የግብር አሰባሰቡ እንደ አዲስ ተደራጀ። በ1927 ዓ.ም ደግሞ የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ በሎንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። ያን ጊዜ የ70 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ።

አሁን ወደ ልጆቹ።

ቢንያምና ዮሴፍ ይባላሉ። ሁለቱም እንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩ ናቸው። አባታቸው ሎንደን ናቸው፤ እዚያው ተጠግተው ቢቀሩ ማን ምን ይላቸው ነበር? እነሱ ግን አገር ቤት ነበሩ፤ ከተማው ሲያዝም ከጥቁር አንበሳ ጋር ሆኑ።

ጥቁር አንበሳ እንዲሁ ጠመንጃ የያዘ ስብስብ አልነበረም። መሪው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ፣ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ማኅበሩ የተጻፈ ደንብ ነበረው። የገበሬው ንብረት እንዳይነካ፣ ምርኮኛ በሰብዓዊነት እንዲያዝ፣ አባላቱም አገር ጥለው እንዳይሰደዱ ይላል። በሰኔ 1928 ዓ.ም ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉት የእነዚህ ወጣቶች ጓዶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አድርገው ከተዋቸው ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተቀላቀሉ።

ጎሬ የአርበኞቹ የመጨረሻ መናገሻ ነበረች። የጣሊያን ጦር በኅዳር 1929 ዓ.ም ጎሬን ሲይዝ የራስ እምሩ ሠራዊት ወደ ደቡብ አፈገፈገ። ጥይት አልቋል፤ ሰው ተዳክሟል፤ ከላይ አውሮፕላን፣ ከኋላ ጦር ይከተላል። በታኅሣሥ ወር ጎጀብ ወንዝ ዳር ደረሱ። ማዶው ከፋ ነው። ሊሻገሩ አልቻሉም፤ ተከበቡ። ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ።

ራስ እምሩ ወደ ጣሊያን ተወስደው ፖንዛ በምትባል ደሴት ታሰሩ። ዓመታት ቆይተው ተፈቱ፣ አገራቸው ገቡ፣ አምባሳደር ሆኑ፣ አርጅተው በ1972 ዓ.ም ሞቱ። ወጣቶቹ ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። ጎጀብ ላይ ከተበተኑ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም መጣ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የስድስት ኪሎ ሐውልት ይናገራል። ሦስት ቀን ሙሉ አዲስ አበባ ታረደች፤ ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ትላለች። ፋሺስቱ በተለይ የተማረውን ወጣት እየፈለገ ገደለ። ክፍሌ ናሲቡና በላይ ኃይለአብ ከተረሸኑት ጥቁር አንበሶች ውስጥ ናቸው። ቢንያምና ዮሴፍም እንዲሁ ተገደሉ።

መርዶው ሎንደን ደረሰ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። በእኛ ባህል መርዶ ሥርዓት አለው። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ሌሊት ተሰባስቦ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል። ከዚያ ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ሬሳ ባይኖር እንኳን የሟቹ ልብስና ፎቶ ወጥቶ ይለቀስበታል። ሐኪም ወርቅነህ ያሉት በሰው አገር ነው። ዜናውን የሰሙት እንደ አባት ብቻ አይደለም፤ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ስለሆኑ በማግሥቱም ቆመው ስለ አገራቸው መናገር ነበረባቸው። በጊዜው ሲልቪያ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ ታወጣ ነበር፤ የግፉ ወሬ በዚያ በኩል ይወጣ ነበር። አባትየው የሌላውን ሰው ልጅ ሞት ለዓለም እያሰሙ የራሳቸውን ያዝኑ ነበር ማለት ነው።

ከነፃነት በኋላ አገራቸው ገቡ። ከተማው ያው ከተማ ነው። ልጆቹ የሉም። የካቲት ላይ የተገደሉት ብዙዎቹ በጅምላ ነው የተቀበሩት፤ ይህ የእገሌ ነው ተብሎ የሚለይ መቃብር የላቸውም። በ3 ዓመታቸው የጠፉትን ሰውዬ አያታቸው በጠባሳ ለይተዋቸዋል፤ እሳቸው ግን የልጆቻቸውን ጠባሳ የሚያዩበት አካል አላገኙም። በ1945 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ።

ይህን ታሪክ የማነሳው ለወሬ ያህል አይደለም። በእኛ አገር፣ ከቦንጋ እስከ ቴፒ፣ ግድግዳ ላይ የወታደር ፎቶ ያልተሰቀለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። በ1975 ዓ.ም የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ከቡና ማሳ የተወሰደ ልጅ አለ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም ባድመ የሄደ አለ። ከዚያም ወዲህ የሄደ አለ። የእኛም ቤት አለ፤ የአያቴ ታናሽ ወንድም ወደ ሰሜን ዘምቶ በዚያው ቀርቷል። አያቴ ቡና ባፈላች ቁጥር አንድ ሲኒ ለብቻ ታስቀምጥ ነበር። ልጅ ሆኜ ትርፍ ሲኒ ይመስለኝ ነበር። ቶናው ሲቀዳ ስሙን ትጠራለች፤ ከዚያ ዝም። ስለ እሱ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከዚያ ሲኒ ተነስቼ በጠየቅኩት ጥያቄ ነው።

ስጠይቅ የተረዳሁት፣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ፍቅሩን እንጂ ዝርዝሩን አይደለም። ደግ ነበር፣ ረጅም ነበር፣ ሲሄድ አልቅሷል። ይህ ለልብ ነው፤ ለፍለጋ ግን አያግዝም። ለፍለጋ የሚሆነው የሐኪም ወርቅነህ አያት የያዙት ዓይነት ነገር ነው። ስለዚህ እናንተም ስልካችሁን ይዛችሁ እነዚህን ጠይቁ።

መጀመሪያ ስም። ቻርልስ ማርቲን ተብሎ የተመዘገበን ሰው ወርቅነህ ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም። በእኛም አካባቢ የቤት ስሙ ሌላ፣ የትምህርት ቤት ስሙ ሌላ የሆነ ብዙ ሰው አለ። የሚታወቅበትን ስም ሁሉ፣ ከአባትና ከአያት ስም ጋር ጻፉ።

ሁለተኛ ቦታና ጊዜ። የት ሠለጠነ? ታጠቅ ነው፣ ብላቴ ነው፣ ጦላይ ነው? የትኛው ክፍለ ጦር ገባ? የመጨረሻው ደብዳቤ ከየት መጣ? ሽማግሌ ዓመተ ምሕረት ላያስታውስ ይችላል፤ ግን የእገሌ ሠርግ በተደረገበት ዓመት፣ ቡና ዋጋው በወደቀበት ጊዜ ይላችኋል። እሱን ይዞ ዓመቱን ማስላት ይቻላል።

ሦስተኛ ጓደኛ። አብሮት የሄደና የተመለሰ ሰው አለ? ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀበሌ የሄዱት ብዙ ናቸው። የተመለሰው ሰውዬ ዛሬ በአጠገባችሁ ሻይ እየጠጣ ሊሆን ይችላል፤ ያልተናገረው የጠየቀው ስለሌለ ነው።

አራተኛ ወረቀት። የፎቶውን ጀርባ አገላብጡ። የፎቶ ቤቱ ማህተም ከተማውን ሊነግራችሁ ይችላል። ፎቶውን በስልካችሁ ከፊትም ከጀርባም አንሱት፤ በዚህ አካባቢ ዝናብና እርጥበት ወረቀት አያስቀምጥም።

ይህን ከያዛችሁ በኋላ የምትሄዱበት ቦታ አለ። በአምስቱ ዓመት ትግል ዘመን ለነበረ ዘመድ አዲስ አበባ ያለው የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር አለ። ድሮ የተጻፉ ሰነዶችን ለማየት ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። በቅርብ ጊዜ ጦርነት ለተለያየ ቤተሰብ ደግሞ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የጠፉ ዘመዶችን የማፈላለግ አገልግሎት ይሰጣል። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ያንኑ ነው፤ ሙሉ ስም፣ ቦታ፣ ጊዜ።

ላታገኙም ትችላላችሁ። ሐኪም ወርቅነህ ያህል የተማሩ፣ ሰው የሚያውቃቸው፣ ሎንደን ድረስ ቃላቸው የሚሰማ አባት እንኳን መቃብር አላገኙም። ግን ልጆቻቸው ከነስማቸው ቀርተዋል። ቢንያምና ዮሴፍ እነማን እንደነበሩ፣ ከማን ጋር እንደዘመቱ፣ በየትኛው ወር እንደተገደሉ ዛሬ ስልኩን የከፈተ ሁሉ ያነባል። መቃብር የሌለው ሰው ይህን ያህል ከተጻፈለት ቤተሰቡ በየዓመቱ ቀኑን ቆጥሮ፣ ስሙን ጠርቶ ተዝካሩን ሊያወጣ ይችላል። ቀኑ ያልታወቀ ሰው ግን ሐዘኑ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ እናት በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳለች።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ቡና ሲፈላ አቦሉ እስኪወርድ ጊዜ አለ። ከቤቱ በዕድሜ የገፉትን ሰው ተጠጉና ድምፅ መቅጃችሁን ክፈቱ። ግድግዳው ላይ ስላለው ፎቶ ጠይቁ። መጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎ ጠባሳውን።